ነጭ ዓሣና ሁለቱ አጥማጆች

ተረት ልጀምር ነው፤ ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ እንቅልፍ ያለው ይሂድ!

ዓሣም ሰውም ዕቃም በአንድ ቋንቋ በሚነጋገሩበት ዘመን፣ ወንዝ ሐይቅ ውስጥ በሚገባበት ቦታ አንዲት ነጭ ዓሣ ትኖር ነበር። ቅርፊቷ የሚያበራ፣ ወገቧ ሰፊ፣ ኩራቷ ከሁለቱም የባሰ። ሐሳቧ አንድ ነው፦ ነሐሴ ሲገባ፣ ወንዙ ሲሞላ፣ ሽቅብ ወጥታ እንቁላሏን መጣል።

ነሐሴ ሳይገባ አንድ እንግዳ መጣ። ምሳውን ጠግቦ የበላ፣ የሚያብረቀርቅ መንጠቆ የያዘ። መንጠቆው ከንፈሯን ወጋት። እንግዳው ብድግ አደረጋት፤ በክንዱ ለካት፤ ሳቀ፤ “በይ ምሬሻለሁ!” ብሎ መልሶ ወረወራት።

“አንተ መንጠቆ፣ ላትበላኝ ለምን ወጋኸኝ?” አለች እየደማች።

“ለጨዋታ ነዋ!” አለ መንጠቆው።

“እኔ? እኔ ጨዋታ?” አለች። ከቁስሉ ይልቅ ይህ አመማት።

ነሐሴ ገባ፤ ወንዙ ሞላ። ነጭ ዓሣ ሽቅብ ልትወጣ ስትል የቢያድግልኝ መንጠቆ ያዛት። ቢያድግልኝ የደንገል ታንኳ ቀዛፊ፣ የአጥማጅ ልጅ አጥማጅ ነው። ቤት ውስጥ ልጆቹ ርቧቸው ይጠብቁታል።

“ቢያድግልኝ! ማረኝ ብዬ አልለምንህም። ግን ሆዴን ዳስሰው” አለችው።

ዳሰሰው። እንቁላል ሞልቶታል።

ታንኳዋ ተቆጣች፦ “ባዶዬን ልትመልሰኝ ነው? ልጆችህ ምን ይብሉ?”

“ዛሬ ቆሎ ይቆርጥማሉ። በክረምት እናት ዓሣ አንበላም፤ አባቴም አልበላም፣ አያቴም አልበላም።” መንጠቆውን ቀስ ብሎ ነቀለና ለቀቃት።

እንግዳው ከዳር ቆሞ አጨበጨበ። “ጎሽ! አንተም እንደኔ ትለቃለህ!”

“የለም ጌታዬ” አለ ቢያድግልኝ ቀና ብሎ። “እርስዎ ጠግበው መጥተው ተጫወቱባት። እኔ ርቦኝ መጥቼ ርቦኝ ልመለስ ነው። እንዴት ብለን አንድ እንሆናለን?”

እንግዳው መንጠቆውን ጠቅልሎ ሄደ። እኔም ብሆን እሄድ ነበር።

ክረምቱ ወጣ። ወንዙ ዳር ዳሩን በትንንሽ ዓሣ ተሞላ። በጥቅምት የቢያድግልኝ መንጠቆ አንድ ከባድ ነገር ያዘ፤ ሲስበው ያቺው ነጭ ዓሣ ናት። ሆዷን ዳሰሰ፤ እንቁላል የለም። እንደገና ዳሰሰ።

“ምን ትጠብቃለህ? ልትጫወት መጣህ ወይስ ልትበላ?” አለችው።

“ልበላ።”

“እንግዲያማ ራሴን ቀና አድርገህ ያዘኝ! ልጆቼ ከታች እያዩ ነው። እናታቸው የሰው ማዕድ እንጂ የሰው መጫወቻ አለመሆኗን ይወቁ።”

ያን ቀን ከቢያድግልኝ ቤት የዓሣ ወጥ ሸተተ። ልጆቹ አጥንቷን ሳይቀር መጠጡት፤ ከእሷ የተጣለ ነገር አልነበረም።

እኔ ተረቱን ጨረስኩ፣ እናንተ ፍርዱን ጨርሱ። የእኔ ፍርድ ይኸው፦ የራበው ያጥምድ፤ መጫወት ያማረው ገበጣ ይፈልግ።