የፊታውራሪ ገሠሠ ጓንትና አያ ባይለየኝ

ፊታውራሪ ገሠሠን የዳሞት ሰው የሚያስታውሳቸው በጀግንነታቸው አይደለም፤ በንፍገታቸው ነው። ርስታቸው ከወንዝ እስከ ወንዝ ነበር ይባላል፤ ከዚያ ሁሉ ርስት ግን አንዲት ክንድ ጨርቅ መውጣት አቅቷታል። ለእኛ የነገሩን አባቶቻችን ናቸው፤ እነሱም ሲነግሩን ሳቃቸው እያቋረጣቸው ነበር።

ጨርቋን የለመነች ወጥ ቤታቸው ዘርትሁን ናት። የድስት መያዣ ቡትቶዋ ተቃጥሎ ስላለቀ፣ የጋለውን ሸክላ ድስት ከጉልቻው የምታወርደው በኮባ ቅጠል ነበር። ቅጠሉ ቶሎ ይጠወልጋል፤ የሚላጠው የሷ መዳፍ ነው። አንድ ቀን «ጌታዬ፣ ካረጀው ጋቢዎ ጫፍ ትንሽ ይቅደዱልኝ» ብትላቸው፣

«እናቴ ያን ሁሉ ድግስ ስትደግስ በባዶ እጇ ነበር የምታወርደው! የዛሬ ሴቶች ቅምጥል ሆናችኋል» አሏት።

አጫዋቻቸው አያ ባይለየኝ ከጎናቸው ተቀምጧል። እንጀራውን የሚበላው ከሳቸው ገበታ ነው፤ አንደበቱን ግን አልሸጠላቸውም።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ፤ በእናትዎ ቤትማ ድስቱ መቼ ይግል ነበር!»

ብዙም ሳይቆይ ቸኮል የሚባል ሲራራ ነጋዴ ከባሕር ጠረፍ ሲመለስ ወደ ፊታውራሪ ግቢ ጎራ አለ። ይዞ የመጣው አንድ የቀኝ እጅ ጓንት ነው፤ ከወፍራም የበሬ ቆዳ የተሰፋ፣ ውስጡ ሱፍ ያለበት፣ እስከ ክርን የሚደርስ። የባሕር ማዶ ወጥ ቤቶች ይህን አጥልቀው እሳት ይጨብጣሉ ብሎ በሚካኤል ማለ። ለዘርትሁን መዳፍ ክንድ ጨርቅ የነፈጉት ሰውዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር በአገሩ መኳንንት ሁሉ ዘንድ እንደሌለ ሲሰሙ ሁለት ሙክት አስነድተው ሰጡት። ወዲያው ይሞከር ተባለ። ፊታውራሪ ጓንቱን አጥልቀው ማድ ቤት ገቡና፣ ትናንት ተበልቶበት ጥግ የተቀመጠውን ድስት አንስተው ከፍ አደረጉት።

«አያችሁ? ቅንጣት አልተሰማኝም!»

ሎሌዎቹ አጨበጨቡ፤ ምን ያድርጉ፣ የሚበሉት በማጨብጨብ ነው። አያ ባይለየኝ ግን ያንኑ ድስት ተቀብሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠውና አቅፎት ቆየ።

«ጌታዬ፣ የኔም ጭን ምንም አልተሰማው፤ ለሱስ ስንት ሙክት ይሰጡልኛል?»

ዘርትሁን የዋህ ናትና ጓንቱ ለማድ ቤት የመጣ መስሏት ነበር። ፊታውራሪ ግን ጭስ ያበላሸዋል ብለው ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። እሷም ወደ ኮባ ቅጠሏ ተመለሰች። በሳምንቱ ድስት ስታወርድ ቅጠሉ ተቀደደና መዳፏ ውሃ ቋጠረ። አያ ባይለየኝ ይህን ሲያይ፣ ያን ቀን ለማሳቅም አልፈለገም።

«ጌታዬ፣ የሷንም እጅ ሳጥን ውስጥ ይቆልፉላት፤ ጭስ አልተስማማውም።»

ፋሲካ ሲደርስ መኳንንቱ ለግብዣ ተጠሩ። ጓንቱም ከሳጥኑ ወጣ፤ ወደ ማድ ቤት ሳይሆን ወደ አዳራሽ። ፊታውራሪ አጥልቀውት ከገበታው ቀረቡ፤ እንግዳ ሁሉ አይቶ ይቅና ብለው ነው። በዚያው በጓንቱ ጠቅልለው ለአያ ባይለየኝ ጉርሻ ዘረጉለት። እሱ አፉን ገጠመ። የጌታን ጉርሻ መመለስ ነውር ነውና እንግዶቹ ሁሉ ዞረው አዩት።

«ምነው፣ ናቅኸኝ?» አሉ ፊታውራሪ።

«ኧረ አልናቅሁም፤ የሚያጎርሰኝ ማን እንደሆነ ልወቅ ብዬ ነው፤ እርስዎ ነዎት ወይስ በሬው?»

እንግዶቹ በሳቅ ፈረሱ። አንዱ ባላባት እንባውን እየጠረገ «ለመሆኑ ይሄ ነገር እሳት ይችላል? ወይስ ለጉርሻ ብቻ ነው?» ሲል ጨመረበት። ፊታውራሪ ፊታቸው በርበሬ መሰለ። «አሁኑኑ ታያላችሁ!» ብለው ከምድጃው ፍም እንዲመጣ አዘዙ። ጓንቱን የሸጠላቸው ነጋዴ ቸኮልም ከተጋባዦቹ አንዱ ነበር፤ ፍሙ በጉጠት ተይዞ ሲገባ ቀስ እያለ ወደ በሩ ተጠጋ። ይህን ያየ አያ ባይለየኝ ብቻ ነው።

በዚህ መካከል ዘርትሁን ዶሮውን ይዛ ገባች። በቤቱ ደንብ ወጥ ቤት ሳትቀምስ ጌታ አይቀምስም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። ከወጡ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ላሰች። ፊታውራሪ ጉሮሮዋን እያዩ እስክትውጥ ጠበቁ። እንደዋጠች ጓንቱን አውልቀው ወረወሩላት።

«በይ አጥልቂና ይህን ፍም ጨብጪ። በቃሽ እስክልሽ እንዳትለቂ። ከለቀቅሽ ዛሬውኑ ከቤቴ ትወጫለሽ!»

የእባብ ጉድጓድ በሰው እጅ ይለካል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። የዘርትሁን መዳፍ ገና አልሻረም፤ መሄጃም የላትም። ጓንቱን ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች። ፍሙ እንደ ቀላ ነው። ሲያጨበጭቡ የነበሩት ሎሌዎች ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ።

አያ ባይለየኝ ተነሣ። ከዚህ በኋላ በዚህ ቤት እንጀራ እንደማይቆረስለት ያውቃል። ጓንቱን ከእጇ ወሰደና ከፊታውራሪ ፊት ተንበረከከ፤ ልክ እንደ ወጥ ሳህን በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

«ጌታዬ፣ ወጡ የኛ ነው፤ ቀምሰን ሰጠንዎ። ጓንቱ የእርስዎ ነው፤ ቀምሰው ይስጡን።»