አያ ጅቦ ያስጠየቀው ምርጫ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ያላችሁ ቅረቡ፤ ያላላችሁም ስሙ።

አያ ጅቦ የምንጩ ጠባቂ ሆኖ ሲኖር፣ እንስሳቱ «ዘንድሮስ ጠባቂያችንን ራሳችን እንመርጣለን» ብለው ተነሡ፤ በሬንም አጩ። አያ ጅቦ ሥጋት ቢገባው ጦጢትን ጠርቶ «ማንን እንደሚመርጡ ዞረሽ ጠይቂልኝ» አላት።

ጦጢት አህዪት ደጅ ደረሰች። የአህዪት ውርንጭላ አምና ውሃ ሊጠጣ ወደ ምንጩ እንደወረደ ቀርቷል። «ማንን ትመርጫለሽ?» ስትላት አህዪት በንዴት ጦፈች፤ ግን ከቁጥቋጦው ጀርባ ሁለት ክብ ጆሮዎች ቆመው አየች።

«ከአያ ጅቦ ሌላ ማን አለንና!» አለች ጥርሷን ነክሳ።

ፍየልም በግም ጆሮዎቹን እያዩ ያንኑ አሉ። አያ ጅቦ ደስ ብሎት ለሹመቱ ከበሮ አስወጠረ።

በምርጫው ቀን እያንዳንዱ ብቻውን ዋሻ እየገባ፣ ከሁለት ቅሎች በአንዱ ጠጠር እንዲጥል ተባለ። አህዪት ማንም ሳይቀድማት ገባች። ጆሮዎቹን በየጥጉ ፈለገች፤ የሉም። ጠጠሯን የበሬ ቅል እስኪጮህ ድረስ ወረወረችው።

ቅሎቹ ሲገለበጡ ከአያ ጅቦ ቅል አንዲት ጠጠር ብቻ ወጣች፤ እሷም የራሱ ናት።

«ሁላችሁም እኔን ብላችሁ አልነበር?» ብሎ ጮኸ።

አህዪት ፊት ለፊቱ ቆመች። «ብለን ነበር። ጆሮህ መስማት የፈለገውን አሰማነው።»

አያ ጅቦ ወደ ጦጢት ዞረ። «አንቺስ? የእኔ ወገን አልነበርሽም?»

ጦጢት ዛፍ ላይ ወጥታ «እኔን መቼ ጠየቅኸኝ?» አለችው።

ተረቴ አለቀ፤ ዳቦዬን ሳልጠይቅ አምጡ።