ከቾኩ ሥር ያለው አረንጓዴ ቀለም

በአንዲት ጥንታዊ የሐይቅ ዳር ከተማ ሼህ ኑርዬ የሚባሉ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። ጧት ቁርኣን ያስቀራሉ፣ ከዚያ ውሃው ዳር ባለችው ሱቃቸው ካቻቢቴ ይይዛሉ። ሰዉ ሞተሩን አማና ብሎ ጥሎላቸው ይሄዳል፤ ሲመለስ ዕቃ ቆጥሮ የሚረከብ የለም።

ባለጀልባው ይማም ግን ይቆጥራል። ሰላም ሲሉት እንኳ «ምን ፈልገው ይሆን?» የሚል ሰው ነበር። ካርቡራተሩ እንዲጸዳለት ሞተሩን ለሼሁ ከመስጠቱ በፊት፣ ጓዳ ገብቶ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ቾክ ፈታ። ቾኩ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየር አፍኖ ነዳጅ የሚያበዛለት ነው፤ አሮጌ ስለሆነ ምትኩ አይገኝም። ከሥሩ የጀልባውን አረንጓዴ ቀለም ቀባና መልሶ አሰረው። «ቢለውጡብኝ በምን ይክዱኛል?» አለ በሆዱ።

ሼሁ ካርቡራተሩን ጠርገው ሞተሩን አስነስተው አስረከቡት። ቀትር ነበርና ያለ ቾክ ተነሳ። በማግስቱ ጧት በብርዱ ቁልፉን ቢጫን ቾኩ ዝም፣ ሞተሩም እምቢ። ሁለት ጧት ተሳፋሪው ወደ ሌላ ጀልባ ሲሻገርበት የይማም ደም ፈላ። አሁን ጥርጣሬው እርግጥ ሆነለት፤ ሼሁ ደህናውን ወስደው የሞተ ቾክ አስረውበታል። ራሱ ፈትቶ ማየት ይችል ነበር፤ ግን በሰው ፊት እንዲጋለጡ ፈለገ።

ጁምዓ እንደተሰገደ ሞተሩን ይዞ፣ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትሎ ሱቃቸው ደረሰ።

«ሼሃችን፣ ዕቃዬ ተለውጧል። ምልክት አለው። እነዚህ ሰዎች ፊት ይፍቱት።»

ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። ሼሁ «ቢስሚላህ» ብለው ጎንበስ አሉ። ቁልፉን ተጫኑ፤ ድምፅ የለም። ከባትሪው በቀጥታ ሽቦ ሰጡት፤ አሁንም ዝም። በሌላ ሽቦ የቾኩን ገላ ከሞተሩ ብረት ጋር ሲያነካኩት ግን «ቀጭ!» አለ።

«ዕቃው ደህና ነው» አሉ። «ኤሌክትሪኩ ይመጣል፤ በብረቱ በኩል መመለሻ አጥቶ ነው።»

ብሎኑን ፈቱ። ይማም አንገቱን አስግጎ አየ። አረንጓዴው ቀለም እዚያው ነበር። ቾኩ የራሱ ነው፤ ብረት ከብረት እንዳይነካካ የከለከለውም የራሱ ቀለም ነው። ሼሁ ቀለሙን አዩ፣ ቀና ብለው ውሃው ላይ የቆመውን አረንጓዴ ጀልባ አዩ፣ ከዚያ መዳፋቸውን ከደኑበት። ይማም ምድር ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

«ምን ተገኘ?» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

«ማሰሪያው ሥር ያለውን ሳላይ አልፌዋለሁ» አሉ ሼሁ። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው አሰሩት። ቁልፉን ሲጫኑ ቾኩ «ቀጭ!» አለ፤ ሞተሩም ተነሳ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አርጅተዋል ማለት ነው። እንግዲህ አማና የሚጣልበት ሰው ልንፈልግ ነው» እያሉ መንገድ ጀመሩ። ሼሁ እየሰሙ ካቻቢቴያቸውን ጠረጉ።

ይማም ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ተቀብሮ ይቀር ነበር። ግን አላስቻለው። «ቁሙ!» ብሎ ጮኸ። «ወላሂ ያበላሸሁት እኔ ነኝ! ይሰርቁኛል ብዬ ምልክት ቀብቼ ነው። ሼሃችን፣ አውፍ ይበሉኝ።»

ሼሁ እግራቸው ሥር ሊወድቅ ሲል ትከሻውን ይዘው ቀና አደረጉት።

«ልጄ፣ ቀለም ከውጭ ሲቀባ ጀልባ ያሳምራል። ብረትና ብረት መሃል ሲገባ ግን ሞተር ያስቆማል።»

ዕቃን መጠበቅ ሐራም አይደለም። ይማም ግን ሌባ ሲፈልግ የገዛ ሞተሩን አስቆመ፤ ትንሽ ቢቆይ የአንድ ደግ ሰው ስምም አብሮ ይሄድ ነበር። እኛስ? ወንድማችን ሰላምታ ሲነፍገን «ተለወጠብኝ» እንላለን። ሽማግሌ ይዘን በሩ ላይ ከመቆማችን በፊት የራሳችንን ብሎን ፈተን ብናይ፣ ከሥሩ የማንን ቀለም እናገኝ ይሆን?