ምስር ያስለቀመችን እትዬ ማንያህልሻል

በሉ፣ ሰሃናችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጉና ጠጋ በሉ። የመመርመሪያው ክፍል በር እስኪከፈት ድረስ አንድ ነገር ላውራችሁ። አንቺ ልጅ፣ ስልክሽን አጥፊ፤ እኔ ከስልክ ጋር እየተሻማሁ አላወራም።

ድሮ ነው። እዚህ መረሬ ሜዳ ላይ የእጅ ሰዓት ያሰረ ሰው እንደ ባላባት በሚታይበት ዘመን ነው። ሰዓት የነበረን ሁለት ሰዎች ነበርን፤ አንዱ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር፣ አንዱ እኔ። ሰዓቴን አትርሷት፤ ጉድ የሠራችው እሷ ናት።

በዚያ ዘመን እትዬ ማንያህልሻል የምትባል ሴት ነበረች። በዚሁ ትምህርት ቤት ክፍል ትጠርጋለች፣ ውሃ ትቀዳለች። ፊደል አልቆጠረችም። ሰው ሲሰበሰብ በር አጠገብ የምትቀመጥ ሴት ነበረች።

ያኔ በሽታው ገባ። ኤድስ ብለን በስሙ አንጠራውም ነበር። ሰው ሲሞት «ሳንባ ነው» እንላለን፣ «ምች ነው» እንላለን፣ ቀብረን ንፍሯችንን ቆርጥመን እንመለሳለን። የእትዬ ማንያህልሻል ልጅ የትርንጎ ባል ሲያስል ከርሞ ሞተ። «ሳንባ ነው» ብለን ቀበርነው። ትርንጎ ግን የአራት ወር እርጉዝ ነበረች። ከዚያ በፊት የወለደችውም ልጅ ዓመት ሳይሞላው ሞቶባታል።

አንድ ቀን የፀረ ኤድስ ክበብ ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ሲማማሩ እትዬ ማንያህልሻል መጥረጊያዋን ይዛ በር ላይ ቆማ ሰማች። እርጉዝ ሴት ቀድማ ከተመረመረች፣ ቢገኝባት እንኳ መድኃኒት አለ፤ ልጁ ነጻ ሆኖ ሊወለድ ይችላል። ይህን ሰማች። መጥረጊያዋን ጥላ ወደ ልጇ በረረች።

«ተነሺ ልጄ፣ ከተማ ሄደን እንመርመር።»

«አልሄድም እማዬ። መኪና ላይ ስወጣ አገር ያየኛል፤ በቁሜ ይቀብሩኛል። መንደሩ ሁሉ ከተመረመረ እኔም እመረመራለሁ።»

ልጅቷ ይህን ያለችው እንደማይሆን አውቃ ነው። እናትየዋ ግን እንደ ስለት ያዘችው። የትርንጎ ሆድም እየገፋ ነበር።

መጀመሪያ መርማሪዎቹን ማምጣት ነበረባት። ጤና ጣቢያ ሄደች። «ባለሙያ አለን፤ ለመኪናና ለስንቅ የሚሆን ግን የለንም» አሏት። ወደ ተማሪዎቹ ተመለሰች። «ልጆቼ፣ ምስሩ ደርሷል። ማጭድ ይዛችሁ ደቦ ውጡልኝ» አለቻቸው። ወጡ። ለዚህ አጨዱ፣ ለዚያ አጨዱ፣ በየአውድማው ወቁ። ገበሬው የድካማቸውን በምስር ከፈላቸው። ምስሩን ሸጡት፤ ለመኪናውም ለስንቁም በቃ። አንዱን ግማሽ ማዳበሪያ ግን ነጋዴው አላነሳም አለ።

«ይሄ ምስር ነው ወይስ ኮረት?» አለ።

እውነቱን ነው። ልጆቹ ቸኩለው አንዱን አውድማ በእበት ሳይለቀልቁት ወቅተውበት፣ ምስሩ ጠጠር በጠጠር ሆኖ ነበር። እትዬ ማንያህልሻል ግን አልጣለችውም። አዝላ ወስዳ ዕቃ ቤት አስቀመጠችው።

ቀጥሎ ሰው ማምጣት ነበረባት። መርማሪዎቹ ሐሙስና ዓርብ ይመጣሉ ተባለ። ማን ይመርመር? «እኔ ምን ሠርቼ?» ይላል አንዱ። «ሚስቴን አምናታለሁ» ይላል ሌላው፤ ሚስቱ ግን እሱን አታምነውም።

እትዬ ማንያህልሻል የእድሩ ዳኛ ባላምባራስ ጥላዬ ቤት ሄደች። ሰማንያ የሞላቸው ሽማግሌ ናቸው። እንደ በዳይ ድንጋይ ተሸክማ ደጃቸው ቆመች።

«ምን በድለሽ ነው አንቺ?» አሏት።

«ገና አልበደልኩም፤ ልበድልዎት ነው የመጣሁት። ባላምባራስ፣ ቀድመው ይመርመሩልኝ።»

«እኔ? በዚህ ዕድሜዬ? አብደሻል እንዴ!»

«እርስዎ ካልገቡ ሌላው አይገባም። ሌላው ካልገባ ትርንጎ አትገባም። ትርንጎ ካልገባች የልጅ ልጄን አላቅፍም።»

ድንጋዩን አላወረደችም። ባላምባራስ እሷን አዩ፣ ድንጋዩን አዩ። በመጨረሻ «አውርጂው በቃ! ሐሙስ እመጣለሁ» አሉ።

ሐሙስ ባላምባራስ ቀደሙ፤ አገሩ ተከተለ። አሁን እንግዲህ የኔን ጉድ ስሙ። እኔና ሁለት ጓደኞቼ አጥሩ ላይ ተቀምጠን ሰዓቴን ይዘን እንቆጥር ጀመር። አማካሪዋ ሲስተር ውዴነሽ ታማክራለች፣ ከጣት ደም ትወስዳለች፣ ውጤት ትናገራለች። ቶሎ የወጣውን «ነጻ ነው» አልን። የቆየውን «አለበት» አልን። አንዲት ጠላ ሻጭ ገብታ ቆየች። ስትወጣ እኔ ጮክ ብዬ «አርባ ደቂቃ!» አልኩ። ያኔ ምላሴን በቆረጠው! ሴትየዋ የቆየችው የሞተ ወንድሟን አስታውሳ ስታለቅስ ነበር፤ ኋላ ራሷ ነገረችኝ። ከሰዓት ጠላዋን የሚቀምስ ጠፋ።

ትርንጎ ተራዋ ሊደርስ ሦስት ሰው ሲቀራት ይህን ሰማች። ነጠላዋን ተከናንባ ከሰልፉ ወጣች። ሌላውም ተከትሏት ሄደ። መርማሪዎቹ የቀራቸው አንድ ቀን ነው።

እትዬ ማንያህልሻል ወደ እኔ መጣች። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር።

«ሰዓትህ ጥሩ ናት?» አለችኝ።

«ጥሩ ናት እትዬ» አልኳት፣ ጉረኛው።

«ነገም ይዘሃት ና» ብላኝ ሄደች።

ዓርብ ጠዋት ያን ጠጠራም ምስር ከዕቃ ቤት አወጣችው። ሰሃን ደረደረች። ለሲስተር ውዴነሽ በጆሮዋ ነገረቻት፤ ሲስተር ሳቀች፣ ከዚያ አቅፋ ሳመቻት። ሕጉ እንዲህ ሆነ። የሚገባ ሁሉ አንድ ጭብጥ ምስር በሰሃን ይሰጠዋል። ሲመከርም ይለቅማል፣ ውጤት ሲጠብቅም ይለቅማል። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ ለቅሞ ሳይጨርስ አይወጣም። ሀብታም ይለቅማል፣ ድሃ ይለቅማል፣ ቄስ ይለቅማል።

ባላምባራስ «እኔ ትናንት ሳልለቅም ነው የወጣሁት» ብለው ደግመው ገቡ። ሰዓቴን ያዝኩ። ሃያ ደቂቃ። አርባ ደቂቃ። አንድ ሰዓት! ዓይናቸው አያይ፣ ጣታቸው ይንቀጠቀጣል። ጓደኞቼ ዞረው አዩኝ። «እህሳ፣ ባላምባራስ አለባቸው እንበል?» አሉኝ። ማን ደፍሮ ይላል!

ባላምባራስ ሰሃናቸውን ይዘው ወጡ። «ምስር መልቀም እንዲህ መከራ መሆኑን ሚስቴ ስልሳ ዓመት ሙሉ ደብቃኛለች!» አሉ። አገሩ በሳቅ ፈረሰ። ከሳቁ በኋላ ሰልፉ እንደገና ሞላ። የቆየው እጁ የከበደ፣ የፈጠነው እጁ የቀለለ ሆነ። ሰዓቴን ፈትቼ ኪሴ ከተትኳት። ሄጄ የጠላ ሻጯን እግር ሳምኩ፣ ጠላዋንም ጠጣሁ። ከዚያ እኔም ገባሁ፤ ሲስተር «ይሄ ጠጠር አይደለም እንዴ?» እያለች ሁለቴ አስለቀመችኝ።

ትርንጎ መጣች። ሳትከናነብ መጣች። እናቷ ደጅ ቆማ ጠበቀቻት። ስትወጣ ሰሃኗን ለእናቷ ሰጠቻት፤ አንድ ጠጠር አልነበረበትም።

ምን ተባለች? እንዳትጠይቁኝ፤ አላውቅም። መንደሩም አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም።

ዓርብ ነው፣ ጾም ነው፤ የለቀምነው ምስር በትልቅ ድስት ተሠራ። ከአንድ ትሪ በላን። ማን ምን እንዳለበት ሳናውቅ ተጎራረስን። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔ አለቀስኩ፣ ምን እደብቃችኋለሁ!

የፋሲካ ሰሞን ትርንጎ ወንድ ልጅ ወለደች። እትዬ ማንያህልሻል አቀፈችው። ዓመት ሞላው፤ ሁለትም ሦስትም ሞላው። ዛሬ ሒሳብ የሚያስተምራችሁ ረጅሙ መምህር ይታገሱ፣ እሱ ነው ልጁ።

በተከታዩ ዓመት መርማሪዎቹ ዳግም እንዲመጡ ሰዓቴን ለተማሪዎቹ መዋጮ ሰጠኋት። እትዬ ማንያህልሻልም ጊዜዋ ደርሶ አለፈች፤ ነፍሷን ይማር። ይኸው እስከ ዛሬ ምስር ሲደርስ ተማሪው ደቦ ይወጣል፤ መርማሪም ይመጣል። አንዷን አውድማ ሆን ብሎ አይለቀልቃትም፣ ጠጠር እንዳይጠፋ። የሰው ምስጢር የሚቆፍር ሰው ሲመጣም መረሬ ሜዳ ላይ መልሱ አንድ ነው፦ «የራስህን ምስር ልቀም!»

በሩ ተከፈተ መሰለኝ። ሽማግሌ ይቅደም፤ ሰሃኔን አቀብሉኝ። ታሪኬን እናንተ ያዙልኝ። ቆየሁ ብላችሁ ደግሞ ስልካችሁን እንዳታዩ፤ ይሄ እጄ ዛሬም ከባድ ነው።