የአያ ዝንጀሮ ድልድይ

ተረት ተረት ስላችሁ «የመሠረት» በሉኝ፤ የዛሬው የመሠረት ድንጋይ ነገር ነውና።

አያ ዝንጀሮ የወረዳው ምክር ቤት ተመራጭ ነበር። ምርጫ በደረሰ ቁጥር ወንዙ ዳር ለድልድይ የመሠረት ድንጋይ ያስቀምጥና ተጨብጭቦለት ይሄዳል።

አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ የአህያ ውርንጭላ ማዶ ቀረች። አህያ ጨንቋት ድንጋዮቹን ሁሉ በግንባሯ እየገፋች ውሃው ውስጥ ደረደረቻቸው፤ መሐል ላይ ግን አንድ ጎደላት። ይህን ጊዜ ዝንጀሮ አዲስ ድንጋይ ታቅፎ ለቅስቀሳ መጣ።

«መሠረቶቼን ማን ነካቸው?»

«ድልድዩ ተጀመረ እኮ፣ አያ ዝንጀሮ።»

ዝንጀሮ ተመልካች መኖሩን አየና ደረቱን ነፋ። «ብያችሁ ነበር። ይህንንስ የት ላኑረው?»

«እዚያ መሐሉ ላይ።»

ዝንጀሮ ወርዶ አኖረውና ለጭብጨባው ዞረ። ውርንጭላዋም አዲሱን ድንጋይና የተመራጩን ጭራ አከታትላ ረግጣ እናቷ ዘንድ ደረሰች።