የጨረቃ እንባ ለጥሎሽ

አንድ ቀን ደሴ ላይ ሰርግ ነበር። ሙሽራው ልዑልሰገድ ይባላል፤ ሀብታም ነው፣ ግን የለየለት ቆጥቋጣ። ሽማግሌ ሲልክ «ለስንዱ የወርቅ ሐብል አደርግላታለሁ» ብሎ ቃል ገብቷል። የሙሽሪት የስንዱ እናትም ይህንኑ ለጎረቤት ሁሉ አውርተው ጨርሰዋል። ምን ያድርጉ፣ ያለቻቸው እሷው አንዷ ናት።

መቼም እንደ ደንቡ ጥሎሹ ታይቶ «ይበቃል» ሳይባል ሙሽሪት ከጓዳ አትወጣም። ሚዜው ሻንጣውን ከፍቶ ቀሚሱን፣ ጫማውን፣ ሽቶውን አንድ በአንድ እያነሳ አሳየ። የሙሽሪት ወገንም «አነሰ! ጨምሩ!» እያለ ሲያሾፍበት ቆይቶ ወደ ጌጡ ሳጥን ተደረሰ። ሲከፈት ከውስጡ የወጣው አናቱ ክብ የሆነ ረጅም የብር መርፌ ነው። እናትየው ክው አሉ።

«ወርቁስ?» አሉ የሙሽሪት አጎት ጋሽ ይርዳው።

ሙሽራው ለዚህ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። አምና ለንግድ ፔሩ ደርሶ ተመልሷል፤ ከዚያ ወዲህ የማያውቀው ነገር የለም።

«ጋሽ ይርዳው፣ ይሄ እኮ እንዲሁ ብር አይደለም! ድሮ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሴቶች ልብሳቸውን ደረታቸው ላይ የሚያያይዙበት ጌጥ ነው፤ የጥንቱን አስመስለው የሠሩት። በነሱ ዘንድ ወርቅ የፀሐይ ነው፣ የወንድ። ብር ግን የጨረቃ ነው፣ የሴት። ለሴት ልጅ ከዚህ የበለጠ ክብር የለም።»

«ብርማ የኛም አያቶች አጊጠውበታል፣ አልንቀውም» አሉ ጋሽ ይርዳው መርፌውን እያገላበጡ። «ግን እንዲያው ለመሆኑ፣ ብሩ ከየት መጣ ይላሉ ሰዎቹ?»

ሙሽራው ጠያቂ በማግኘቱ ደስ ብሎት ሰርገኛው ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ወርቅ የፀሐይ ላብ ነው ይላሉ፤ ብር ደግሞ የጨረቃ እንባ። አያችሁ ትርጉሙ ሲጠልቅ!»

«እንዲያ ነው?» አሉና ጋሽ ይርዳው መርፌውን ወደ ሳጥኑ መለሱት። «እንግዲያው ልጄ፣ እንባውንስ አንተን ካገባች ከቤቷ አታጣውም። አንተ ላቡን ይዘህ ና!»

ከሁሉ ቀድመው የሳቁት የገዛ ሚዜዎቹ ናቸው። ስንዱም ሐብሉ ተገዝቶ እስኪመጣ ከጓዳ ንቅንቅ አላለችም።