የማድረቂያው ድንጋይ ቀረጥ

ነገሩ የሦስት መቶ እሸት በቆሎ ነገር ነው። ጆሯችሁን ስጡኝና አብረን እንቁጠር።

እንስሳም ታንኳም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት በዚያ በድሮ ዘመን፣ በአንድ ሐይቅ ዳርቻ እመት ኤሊ የምትባል አሮጊት ነበረች። ሀብቷ አንድ ሰፊ ድንጋይ ብቻ ነው። መስከረም ሲጠባ ሠላሳ ታንኳዎች ጦጣዎችን አሳፍረው ከማዶ ለሽርሽር ይመጣሉ። ታንኳ የደንገል ሣር ነውና ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ በኤሊ ድንጋይ ላይ ሦስት ቀን ፀሐይ ይሞቃል። እስኪደርቅ ድረስ ጃርት ለጦጣዎቹ ስኳር ድንች ትሸጣለች፣ ዳክዬ አገሩን ታስጎበኛለች። እያንዳንዱ ታንኳ አሥር እሸት ትቶ ይሄዳል፤ አንዱ ለወደቡ ሹም ለአያ ጉማሬ ቀረጥ፣ ዘጠኙ ለዳርቻው ነዋሪ።

አንድ ዓመት ጉማሬ ታንኳዎቹ ሦስት ቀን ሙሉ ተኝተው አንድ እሸት ብቻ ይከፍላሉ ብሎ ተቆጣ። እንግዳ ታንኳ ለቆየበት ለያንዳንዱ ቀን ሦስት እሸት ይክፈል ሲል አወጀ። ሁለት መቶ ሰባ አገኛለሁ ብሎ ነበር ያሰበው።

በመጀመሪያው ዓመት ሠላሳዎቹ መጡ፤ ዋጋውን ሲሰሙ ሳይደርቁ በዚያው ቀን ተመለሱ። ጉማሬ ዘጠና አገኘ፤ ኤሊ ባዶ እጇን ቀረች። ሄዳ አቤት ብትለው ሳቀባት።

«እመት ኤሊ፣ አንቺ እያዘገምሽ ስትቆጥሪ የኔ ሦስት እጥፍ ሆነ።»

በሁለተኛው ዓመት አሥር መጡ፤ እነሱም በዚያው ቀን ተመለሱ። ጃርት ጓዟን ጠቅልላ ተሰደደች፤ የኤሊ ድንጋይ ሣር አበቀለ። አሁንም አቤት አለች።

«ድሮም ሠላሳ ነበር፣ ዘንድሮም ሠላሳ ነው። ምን ጎደለ?» አላት ጉማሬ።

በሦስተኛው ዓመት አንድም አልመጣም። ኤሊ ግን ድንጋዬን ሣር ሲውጠው ቁጭ ብዬ አላይም ብላ ሐይቁን ልትዞር ተነሳች። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ተጓዘች። ማዶ ስትደርስ፣ ቀረጥ በሌለበት አሸዋ ላይ አንድ ሽማግሌ ታንኳ ለፀሐይ ተሰጥቶ አገኘች።

«እመት ኤሊ፣ እኔ እኮ ሣር ነኝ» አላት ታንኳው። «ካልደረቅሁ እሰምጣለሁ። ሹማችሁ የሚያስከፍለኝ መድረቄን ነው።»

እንደ ድሮው ስንገባ አንድ እሸት ቀረጥ፣ መድረቁ ግን ያለ ቀረጥ ከሆነ የሚመጣ አይጠፋም አላት። ኤሊ ቃሉን ይዛ በታንኳው ጀርባ ተሻገረች፤ ለሦስተኛ ጊዜም ጉማሬ ፊት ቆመች። ጉማሬ ከስቷል፤ መሳቁንም ትቷል። አዋጁን ሻረ።

በአራተኛው ዓመት አሥራ ስምንት ታንኳዎች መጥተው ሦስት ሦስት ቀን ደረቁ። ያን ጊዜ ጉማሬ ኤሊን የአራቱን ዓመት ሂሳብ እንድትነግረው ጠራት።

«በድሮው ቀረጥ መቶ ሃያ ታገኝ ነበር» አለች። «ያገኘኸው መቶ ሠላሳ ስምንት ነው።»

«አላልኩሽም? አሥራ ስምንት አተረፍኩ።»

«አተረፍክ። ዳርቻው አንድ ሺህ ሰማንያ ያገኝ ነበር፤ ያገኘው መቶ ስድሳ ሁለት ነው። አሥራ ሁለቱ ታንኳዎችም አሸዋውን ለምደው ቀሩ።»

ጉማሬ እስከ አፍንጫው ውሃ ውስጥ ገባ። ኤሊ ሁለቱን ቁጥሮች ድንጋይዋ ላይ ጎን ለጎን ቀረጸች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ዳርቻ የተሾመ ሁሉ፣ ቀረጥ ከመጨመሩ በፊት መጀመሪያ ድንጋዩን ያነባል፦ የሹሙ ትርፍ አሥራ ስምንት፣ የአገሩ ኪሳራ ዘጠኝ መቶ አሥራ ስምንት።